የስፖርት ማኔጅመንት ጥናት ጆርናል ላይ እስኪወጣ

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ብዙ የማስተርስና የፒኤችዲ መመረቂያ ጽሑፎች ይወጣሉ። ስለ ክለብ አስተዳደር፣ ስለ ስታዲየም፣ ስለ ስፖንሰር፣ ስለ ታዳጊዎች ፕሮጀክት የተጻፉ ናቸው። ባለቤቶቻቸው መጠይቅ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ከርመዋል። ከምረቃ በኋላ ግን አብዛኛው ጽሑፍ ጆርናል፣ ማለትም ጥናት የሚያትም ሙያዊ መጽሔት፣ ላይ ሳይወጣ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት መልስ ትሰማላችሁ። እንግሊዝኛው ከበደን። ገንዘብ የለንም። ጆርናሎቹ ለአፍሪካ ጥናት ቦታ አይሰጡም። ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። እኔ ግን ትልቁ እንቅፋት ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ ይመጣል ባይ ነኝ። ያለው ጥያቄው ላይ ነው። ጥናቱ ሲጀመር የተነሳው ጥያቄ ጆርናል የሚፈልገው ዓይነት ጥያቄ አይደለም። እሱ ከተስተካከለ እንግሊዝኛው በሰው እርዳታ ይቃናል። ገንዘቡም ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል አያስፈልግም።

መስኩ የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል?

ስፖርት ማኔጅመንት እንደ ትምህርት ገና ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የብሩክሊን ዶጀርስ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ጄምስ ሜሰን ለሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ደብዳቤ ጻፈ። ክለብና ስታዲየም የሚመራ ባለሙያ የሚያሠለጥን ትምህርት ለምን አይኖርም የሚል ነበር። ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው በ1966 ነው። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የማስተርስ ፕሮግራም ከፈተ። የሰሜን አሜሪካ የስፖርት ማኔጅመንት ማኅበር በ1985 ተመሠረተ። በ1987 ደግሞ «ጆርናል ኦፍ ስፖርት ማኔጅመንት» መታተም ጀመረ።

ሌሎቹም በዚሁ መንገድ መጡ። የአውሮፓው ማኅበር «ዩሮፒያን ስፖርት ማኔጅመንት ኳርተርሊ» የሚባለውን ያዘ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንዱ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ «ስፖርት ማኔጅመንት ሪቪው»ን ያወጣል። በመስኩ ሰዎች ዘንድ በብዛት ስማቸው የሚነሳው እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ከነሱ ጎን ጠበብ ባለ ርዕስ የሚሠሩ አሉ። ለገበያና ለደጋፊ ጉዳይ «ስፖርት ማርኬቲንግ ኳርተርሊ»፣ ለሚዲያ «ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ስፖርት ኮሚዩኒኬሽን»፣ ለገንዘብና ለውድድር ሚዛን «ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ኢኮኖሚክስ»። «ስፖርት፣ ቢዝነስ ኤንድ ማኔጅመንት» እና «ማኔጂንግ ስፖርት ኤንድ ሌዠር» ደግሞ ከተለያየ አገር ለሚመጣ ጥናት በራቸው ሰፋ ያለ ነው። አፍሪካም የራሷ የስፖርት ማኔጅመንት ማኅበር አላት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለታሪክ ብዬ አይደለም። እኛ አገር ስፖርት ሳይንስ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። አሠልጣኝነቱ፣ ፊዚዮሎጂው፣ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርቱ፣ አስተዳደሩ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ስለ ሯጮች የልምምድ መጠን የሠራውን ጥናት «ስፖርት» የሚል ቃል ስላየ ብቻ ወደ ማኔጅመንት ጆርናል ይልካል። ጥናቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ኤዲተሩ ግን በቀናት ውስጥ ይመልሰዋል። የማኔጅመንት ጆርናል የሚጠይቀው ስለ ድርጅት ነው። ክለቡ፣ ፌዴሬሽኑ፣ ውድድር አዘጋጁ፣ ስፖንሰሩ፣ በጎ ፈቃደኛው፣ ደጋፊው። ማን ይወስናል? ገንዘቡ ከየት መጥቶ የት ይሄዳል? ኃላፊነቱ የማን ነው?

ጥያቄው

የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ርዕስ አንድ መልክ አለው። «ተግባራትና ተግዳሮቶች» ይልና የአንድ ከተማ ወይም ዞን ስም ይጨምራል። መጠይቅ ይበተናል፣ ፐርሰንት ይሠራል፣ ውጤት ይጻፋል። ውጤቱም ሳይነበብ ይታወቃል። የበጀት እጥረት፣ የሠለጠነ ባለሙያ አለመኖር፣ የባለድርሻ አካላት ትኩረት ማነስ። ከዚያ «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ተብሎ ያልቃል።

እነዚህ ችግሮች ውሸት አይደሉም። ግን አንድ ኤዲተር አንብቦ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ከዚህ በፊት ያላወቅነውን ምን አወቅን?» በጀት የሚያጥረው ክለብ ችግር እንዳለበት ማንም ያውቃል።

እስቲ የስታዲየሞቻችንን ጉዳይ እንውሰድ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ሜዳዎቻችን መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ ተጫውቷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ጨዋታው የነበረው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ደስታ በገዛ ሕዝባቸው ፊት ሳይሆን መቅረቱ አሁንም ያንገበግበኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 እስከ 1987 ድርጅቱን መርተዋል።

በዚህ ላይ የተለመደው ጥናት «የስታዲየም አስተዳደር ተግባራትና ተግዳሮቶች» ይሆናል። ውጤቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

አሁን ጉዳዩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መስፈርቱን የሚያወጣው ካፍ ነው። ስታዲየሞቹን የሚሠሩትና የሚይዙት በአብዛኛው ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ቅጣቱ የሚያርፈው ግን ስታዲየም በሌለው በፌዴሬሽኑና በብሔራዊ ቡድኑ ላይ ነው። ማለትም የሚያጠፋውና የሚቀጣው አንድ አካል አይደለም። ታዲያ ቅጣቱ ንብረቱን የያዘውን አካል እንዴት አድርጎ ነው ሥራ ላይ የሚያስነሳው? ጨርሶስ ያስነሳዋል ወይ? ፌዴሬሽኑ ማዘዝ የማይችለውን አካል በምን መንገድ ይገፋዋል?

ይሄ ጥያቄ ነው። ግሪክ ወይም ብራዚል ያለ ተመራማሪም መልሱን ማወቅ ይፈልጋል፤ ዓለም አቀፍ አካል የሚያወጣው መስፈርትና አካባቢያዊ ንብረት የሚጋጩበት አገር ብዙ ነውና። ቦታው ያው ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ «የተጠናችበት ቦታ» ከመሆን ወጥታ ሌሎች የሚማሩባት ጉዳይ ሆነች።

ሌላም አለ። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በሚመጣ በጀት ነው። ገንዘቡ ከቲኬትና ከማሊያ ሽያጭ አይደለም። ሊጉ ራሱን ችሎ በአክሲዮን ማኅበር መመራት ከጀመረና የቴሌቪዥን መብቱን ለሱፐርስፖርት ከሸጠ ወዲህ ደግሞ አዲስ ገንዘብ ገብቷል። ክለብ በጀት ለሚሰጠው ካድሬ ነው ወይስ ለደጋፊው የሚያድረው? አዲሱ ገንዘብ ይህን ለውጦታል? ድርጅቶች ሀብት ለሚሰጣቸው አካል እንደሚገዙ የሚያስረዳ የታወቀ ንድፈ ሐሳብ አለ። ብዙ የተፈተነውም በሀብታም አገሮች ነው። የእኛ ክለቦች በእሱ ላይ የሚሉት ነገር አላቸው።

ንድፈ ሐሳብ ወይም ቲዎሪ ሲባል ብዙ ተማሪ ይደነግጣል። ጽሑፉ መሀል አንድ አንቀጽ ጨምሮ የፈረንጅ ስም ጠቅሶ ያልፈዋል። ጆርናሉ ጽሑፉን እንዲመረምሩ የሚልክላቸው ገምጋሚዎች ይህን ወዲያው ያዩታል። ቲዎሪ ሥራ ሊኖረው ይገባል። ለምን ይሄንን እንደጠየቃችሁ፣ ለምን እነዚህን ሰዎች እንዳናገራችሁ፣ ውጤቱ ከተጠበቀው የት ላይ እንደተለየ የሚነግረን እሱ ነው። መለየቱ ደግሞ ውድቀት አይደለም። ለኅትመት የሚያበቃችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ አርቲክል

መቶ ገጽ የሆነ ጽሑፍ ይዛችሁ ከ8,000 እስከ 10,000 ቃል ወደሚፈቅድ ጆርናል ስትሄዱ የመጀመሪያው ሐሳብ መቀነስ ነው። አትቀንሱ። ባዶ ገጽ ክፈቱና እንደገና ጻፉ። «የጥናቱ ጠቀሜታ»፣ «የጥናቱ አደረጃጀት»፣ «የቃላት ፍቺ» የሚባሉት ሁሉ ይወጣሉ። እነሱ ለፈተና ቦርድ የተጻፉ ናቸው። ሦስትና አራት ጥያቄ ከነበራችሁ አንዱን ምረጡ። ከ150 እስከ 200 ቃል የሚሆነውን አብስትራክት፣ ማለትም የጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ፣ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ሞክሩት። ምን እንዳገኛችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ችግሩ ከእንግሊዝኛው አይደለም።

የአጠናን ዘዴ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው። ሰው ካነጋገራችሁ ወይም መጠይቅ ካስሞላችሁ ብዙዎቹ ጆርናሎች የፈቃድ ደብዳቤ ቁጥርና የሰጠውን ኮሚቴ ስም ይጠይቃሉ። ደብዳቤው መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የተጻፈ መሆን አለበት። በኋላ ተመልሶ አይገኝም። ከትምህርት ክፍሉ የሚሰጠው «ለሚመለከተው ሁሉ» የትብብር ደብዳቤ እሱን አይተካም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የጆርናሉ የኢንተርኔት ማስገቢያ ሲስተም ውስጥ ጽሑፉን ሲያስገባ ነው። ያኔ ረፍዷል።

ሁለተኛው መረጃው የተሰበሰበበት ሁኔታ ነው። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ራሱ መጠይቁን ተቀብሎ ለሠራተኞቹ ካደለና ራሱ ከሰበሰበ፣ ስለ ክለቡ አመራር የተሰጠው መልስ ምን ያህል ይታመናል? ይህን በግልጽ ጻፉት። እንዴት እንደተጠነቀቃችሁም ንገሩን። ፖስታው ታሽጎ ነው የተመለሰው? ከቢሮ ውጭ ነው ያናገራችኋቸው? ገምጋሚ እንከን የሌለበት ጥናት አይጠብቅም። የተደበቀ እንከን ሲያገኝ ግን ሌላውንም ማመን ያቆማል።

ቃለ መጠይቅ ብቻ ይዤ እታተማለሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ። ሦስቱም ዋና ዋና ጆርናሎች እንዲህ ያለ ጥናት ያወጣሉ። ለእኛ ሁኔታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጥቂት ውሳኔ ሰጪ ባለበት ዘርፍ 200 መጠይቅ ከመበተን ውሳኔው ሲወሰን እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩትን ማነጋገር የተሻለ ነገር ያሳያል። ቃለ ጉባኤ፣ ደንብ፣ ደብዳቤ ካገኛችሁ ደግሞ ወርቅ ነው።

ከላካችሁ በኋላ የሚሆነው

ጽሑፉ መጀመሪያ የሚደርሰው ኤዲተሩ ጋ ነው። ብዙው ጽሑፍ የሚቀረው እዚህ ነው። ርዕሱ ከጆርናሉ ዓላማ ውጭ ከሆነ፣ መመሪያውን ካልተከተለ፣ አዲስ ነገሩ ካልታየው ወደ ገምጋሚ ሳይልክ ይመልሰዋል። ይህ ቅስም ይሰብራል፤ ግን ቶሎ ስለሚነገራችሁ ጊዜ አይበላም። በሌላ ቀን ለሌላ ጆርናል መላክ ትችላላችሁ። በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ግን ክልክል ነው። ከተደረሰበት ሁለቱም ጋ ስማችሁ ይበላሻል።

ያለፈው ጽሑፍ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎች ጋ ይሄዳል። እናንተ እነሱን አታውቋቸውም፤ እነሱም እናንተን እንዳያውቁ ይደረጋል። ስለዚህ ስማችሁን ከፋይሉ አጥፉ። ከፊት ገጹ ብቻ አይደለም። ዎርድ ፋይሉ ውስጥ የደራሲ ስም የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እሱንም ባዶ አድርጉት። «ባለፈው ጥናታችን እንዳሳየነው» የሚል ዓረፍተ ነገርም ያጋልጣል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው መልስ ወራት ይፈጃል። ከመላክ እስከ መታተም ከዓመት በላይ መሄዱ የተለመደ ነው። መልሱ ሲመጣ በቀጥታ «ተቀብለናል» የሚል እምብዛም አታገኙም። የሚመጣው ወይ እምቢታ ነው፣ ወይ ደግሞ «አስተካክላችሁ መልሱ» ነው። ሁለተኛው ጥሩ ዜና ነው። ብዙ ጀማሪ ግን አራት ገጽ ትችት ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እባካችሁ አትተዉት። ኤዲተሩ ባይፈልገው ኖሮ እምቢ ማለት ይችል ነበር።

መልስ አጻጻፉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እያንዳንዱን አስተያየት ቁጥር ሰጥታችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ምን እንዳደረጋችሁና የት ገጽ ላይ እንደሚገኝ ጻፉ። ለምሳሌ ገምጋሚው እንዲህ አለ እንበል፦ «ደራሲዎቹ 12 የክለብ ሥራ አስኪያጆችን ብቻ አነጋግረው ስለ መላው ሊግ ይደመድማሉ።» ብዙ ጊዜ የምናየው መልስ ይህ ነው፦ «በኢትዮጵያ መረጃ መሰብሰብ አስቸጋሪ ስለሆነ ከዚህ በላይ ማግኘት አልተቻለም።» እውነት ነው፤ ግን መልስ አይደለም። ገምጋሚው የጠየቀው ስለ ችግራችሁ ሳይሆን ስለ ድምዳሜያችሁ ነው።

የተሻለው እንዲህ ይሆናል፦ «አስተያየቱን ተቀብለናል። ድምዳሜያችንን በመንግሥት በጀት ለሚተዳደሩ ክለቦች ብቻ ወስነናል፤ ገጽ 21 ይመልከቱ። ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡና አዲስ ሐሳብ መምጣት ያቆመው ከስንተኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ እንደሆነ ገጽ 9 ላይ አብራርተናል። ስለ ሊጉ በጅምላ የሚናገረውን አንቀጽ አውጥተነዋል።»

ገምጋሚው ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁስ? መቃወም ትችላላችሁ። በአክብሮት፣ ከማስረጃ ጋር። የኢትዮጵያን ክለብ እንደ አውሮፓ ክለብ ቆጥሮ «የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ ለምን አልተጠናም?» ካለ፣ ክለቦቻችን እንዴት እንደተቋቋሙ በሁለት መስመር አስረዱት። እንዲያውም ያንን ማብራሪያ ጽሑፉ ውስጥ ጨምሩት። እሱ ያልገባው ለሌላ አንባቢም አይገባውም።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ከላይ ስማቸውን ያነሳኋቸው ሦስቱ ዋና ጆርናሎች ጽሑፍ ለመላክ አያስከፍሉም። ተቀባይነት አግኝታችሁ በተለመደው መንገድ፣ ማለትም አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ከፍሎ በሚያነብበት መንገድ ከታተመም እናንተ አትከፍሉም። ክፍያ የሚመጣው ጽሑፉ ለማንም በነፃ ክፍት እንዲሆን ስትመርጡ ነው። ይሄኛው ውድ ነው። በትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ ከ2,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ሲስተሙ ሲጠይቃችሁ «ክፍት» የሚለውን ሳታስቡ አትጫኑ።

ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ ጆርናሎች ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ያለችው በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ይህንኑ ምድብ ተከትለው ክፍያውን ያነሳሉ። ሁለቱንም ዓይነት ኅትመት በሚያቀላቅሉ ጆርናሎች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ተላላኪው ደራሲ፣ ማለትም ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው፣ የሚሠራበት አገርም ስለሚታይ፣ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር አብራችሁ ከጻፋችሁ ተላላኪው ማን እንደሚሆን ቀድማችሁ ተስማሙ። ፕሮግራሙ ሌላም ጥቅም አለው። ተቋማችሁ ከተመዘገበ ራሳቸውን ጽሑፎቹን በነፃ ለማንበብ ያስችላል። ሳያነቡ ለጆርናል መጻፍ አይቻልምና ቤተ መጻሕፍታችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ አጭበርባሪዎቹ። በኢሜይል ይመጣሉ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው ይጀምራሉ፤ ገና ማስተርሳችሁን ጨርሳችሁ። ጽሑፋችሁን በጥቂት ቀን እንደሚያትሙ ቃል ይገባሉ። ክፍያው ከትልልቆቹ ያነሰ ስለሆነ ያጓጓል። ከስፖርት ማኔጅመንት ጎን ለጎን ግብርና፣ ሕክምናና ምህንድስና ያትማሉ። ስሙ የሚያምር ግን የትም የማይታወቅ «ኢምፓክት ፋክተር»፣ ማለትም ጆርናሉ ምን ያህል እንደሚጠቀስ ያሳያል የሚባል ቁጥር፣ ይለጥፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ የእውነተኛ ጆርናል ስምና ድረ ገጽ አስመስለው ይሠራሉ።

ነገሩ ምን ያህል የከፋ እንደሆነ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የ«ሳይንስ» መጽሔት ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የውሸት ጥናት ጽፎ ለ304 ክፍት ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። ማንም በደንብ ያነበበ ገምጋሚ ሊጥለው የሚገባ ጽሑፍ ነበር።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ስኮፐስ የሚባለው የጥናት ጽሑፎች መረጃ ቋት የጆርናሎች ዝርዝር ለማንም በነፃ ይታያል። ስሙን ብቻ ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ዝርዝሩ ውስጥ መቋረጡን የሚገልጽ ማስታወሻ እንዳለም እዩ። ክፍት ጆርናል ከሆነ «ዳይሬክተሪ ኦፍ ኦፕን አክሰስ ጆርናልስ» ላይ ፈልጉት። ከኤዲተሮቹ አንዱን ወስዳችሁ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ያንን ጆርናል ይጠቅሰው እንደሆነ ተመልከቱ። በመጨረሻም የታተመ አንድ ጽሑፍ አውርዳችሁ አንብቡ። ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። አማካሪያችሁ እንኳ «እዚህ አውጣው፣ ለደረጃ እድገት ይቆጠራል» ቢላችሁ አጣሩ። አጭበርባሪ ጆርናል ላይ የወጣ ጥሩ ጥናት ተመልሶ ሌላ ቦታ አይታተምም። ልፋታችሁ እዚያው ይቀበራል።

ይህ ማለት ግን ትንሽ ጆርናል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር መዝኖ እውቅና የሰጣቸው የአገር ውስጥ ጆርናሎች አሉ። መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገው «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአህጉሪቱን ጆርናሎች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያስነብባል። ጥያቄያችሁ በዋናነት የአገር ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ አንድ ክልል የስፖርት ምክር ቤት አሠራር ከሆነ፣ ትክክለኛ አንባቢያችሁ ያለው እዚያ ነው። የጆርናል ማዕረግ ብቻ አይታችሁ አትምረጡ። ያንን ጽሑፍ ማን ቢያነበው ይጠቀማል በሉ።

ስም የሚጻፈው እንዴት ነው?

ደራሲነትን በተመለከተ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ስማችሁ ጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው ለሥራው አስተዋጽኦ ስላደረጋችሁና ለይዘቱ ስለምትጠየቁ ነው። የአማካሪ ስም መግባቱ ተገቢ ነው፤ አማካሪው ከሠራ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስም በይሉኝታ መጨመር ግን ተገቢ አይደለም። አሁን ብዙ ጆርናሎች ማን ምን እንደሠራ በዝርዝር እንድትጽፉ ይጠይቃሉ። ቅደም ተከተሉን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩበት፤ ካለቀ በኋላ የሚያጣላው እሱ ነው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ደግሞ ደራሲ ሊሆን አይችልም። እንግሊዝኛውን ለማቃናት ከተጠቀማችሁበት ግለጹ። የሚሰጣችሁን የምንጭ ዝርዝር ግን አትመኑት፤ የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ይሰጣል።

የእኛ ስም አጻጻፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የቤተሰብ ስም የለንም። ሲስተሙ ግን የግድ ይጠይቃል። አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባት ስም፣ ሌላው ላይ በአያት ስም ከተመዘገባችሁ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራችኋል። «ጸ» እና «ቀ» ያሉበት ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና እሱን ብቻ ያዙ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። በነፃ ነው፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የመጨረሻው ረቂቅ ለእርማት ይላክላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ስማችሁን፣ የተቋማችሁን ስም፣ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ እዩ። ከዚህ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ተቀባይነት ያገኘውን የራሳችሁን ፋይል ደግሞ አስቀምጡት። ብዙ አሳታሚዎች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በተቋማችሁ ማከማቻ ውስጥ እንድታስገቡት ይፈቅዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአገራችን ክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ጊዜ ሰጥተው ያነጋገሯችሁ የክለብና የፌዴሬሽን ሰዎች ግን ጆርናሉን አያነቡትም። ለነሱ ያገኛችሁትን በሁለት ገጽ አማርኛ ጻፉና ራሳችሁ ወስዳችሁ ስጧቸው።